የጋላፊዋ ሴትዮ

ፋይዛ ጠዋት ከመኝታዋ ተነስታ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ስልኳ ነበር። «ገና አልደረቀም» አሏት አማቷ ወይዘሮ ሲቲ፣ ከሩዙ ከረጢት ላይ ሳይነሱ። ከረጢቱ ላይ መቀመጥ የጀመሩት ስልኩ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ከወደቀበት ቀን ወዲህ ነው። ውሃ የገባው ስልክ ሩዝ ውስጥ ቢቀበር ይድናል የሚል ሕክምና ሰፈሩ ውስጥ ስላለ ስልኩ ተቀበረ፤ ወይዘሮ ሲቲም ሟቹ እንዳይነሳ የፈሩ ይመስል ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። እንግዳ ሲመጣ እዚያው፣ ምሳ ሲበላ እዚያው፤ ለሶላት ካልሆነ ወይ ፍንክች። ስልኩ ደግሞ ወደ ሳፋው በራሱ እግር አልሄደም። ትንሹ ልጃቸው አብዱራህማን በር ላይ ቆሞ አይቷቸዋል። ግራ ቀኛቸውን ገላመጥ አድርገው፣ ስልኩን በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥለው፣ «ቢስሚላህ» ብለው አረፋው ውስጥ የለቀቁት ራሳቸው ናቸው።

ቤቱ አብነት ውስጥ፣ ወፍራም ሰው በጎኑ ካልሆነ በማያልፍባት ቅያስ የሚገባበት የቀበሌ ቤት ነው። ድሮ አንድ ክፍል ነበር፤ ታላቁ ልጅ በከር ሚስት ይዞ ሲመጣ በቺፑድ ተከፍሎ ሁለት ሆነ። ቺፑዱ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። አብዱራህማን የሚያድረው ሳሎን ተብሎ በተሾመው ግማሽ፣ ራሱ በሠራው ሶፋ ላይ ነው። ሙያው ሶፋ መሥራት ነው፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በቀደዳው ነው። ይኼንን የሚተኛበትን ሶፋ እንኳ አንድ የዱባይ ከበርቴ በራሱ አውሮፕላን ሊወስደው መጥቶ፣ ከቅያሷ አላወጣ ስላለው እያለቀሰ ተመልሷል ይላል። ሲያወራ ዓይኑ አይርገበገብም፣ ከንፈሩ አይንቀጠቀጥም፤ የምር ያየውን ሲናገር ብቻ ነው የሚንተባተበው።

ፋይዛ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ስትወጣ፣ ወይዘሮ ሲቲ ከከረጢቱ ተነስተው ከቺፑዱ ወዲያ ወደ በከር ገቡ። ሹክሹክታ ተጀመረ።

«ዛሬም እንዳትነግራት» አሉ። «ካርዷን ትያዝና እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

«ዋኢስ ሌሊት ደውሎልኝ ነበር» አለ በከር። «ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ፋይዛን ነው የምትጠራው አለኝ። እማዬ፣ እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ካርዱ። እንደዚያች ሴትዮ ጋላፊ ላይ እንድትቀርብህ ነው የምትፈልገው?»

አብዱራህማን ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ድረስ ሳበው።

ፋይዛ የጅቡቲ ልጅ ናት። በከር ዕቃ ሊያመጣ ሲመላለስ አይቷት፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ኒካህ አስሮ ነው ያመጣት። የባለትዳር መኖሪያ ካርድ አመልክታ ቀጠሮዋ ዛሬ ነው። በዚህ መሀል እናቷ ደሃቦ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ወንድሟ ዋኢስ ለበከር እየደወለ «ላካት፣ ዓይኗን ልየው እያለች ነው» ይላል፤ በከር «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» ይላል፤ ስልኳ ሩዝ ውስጥ ነው። ለፋይዛ የሚነገራት ሁሉ ሰላም ነው ተብሎ ነው። ክፋት አይደለም እንግዲህ። በዚህ ቤት ክፉ ወሬ ሳይመከርበት አይነገርም። አጎታቸው የሞቱ ጊዜ ወይዘሮ ሲቲ የሰሙት ሌላው ሰው ሁሉ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ስኳር ስላለባቸው ቀስ ተብሎ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዟቸው። እንደዚያ መረዳት ማለት መከበር ነው ለእሳቸው። ምራታቸውንም እንደዚያው ሊያከብሯት ነው የፈለጉት፤ ልዩነቱ የፋይዛ እናት ገና አለመሞታቸው ነው።

የጋላፊዋን ሴትዮ በተመለከተ፣ የተወለደችው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ዝናብ ባገታቸው ሰዎች መሀል፣ ከአብዱራህማን አፍ ነው። ሙሽራ ነበረች። ካርዷ ሳይወጣ የእህቷን ሠርግ ልይ ብላ በጋላፊ ኬላ ወጣች። ስትመለስ የኢትዮጵያው ዘበኛ «ፋይልሽ ተዘግቷል» አላት፤ ዞር ስትል የጅቡቲው «አንቺ ወጥተሻል» አላት። በሁለቱ ኬላዎች መሀል ቀረች። እዚያው ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ እያፈላች ትኖራለች። ልጅ ወልዳለች፤ ቀኝ እግሩ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ግራው ጅቡቲያዊ፤ ኳስ ሲጫወት ሁለቱ እግሮቹ አይስማሙም። ሌሊት ጅብ ይመጣል፤ የየት አገር ሰው እንደሆነች የሚያሳይ ሰነድ ስለሌላት ግን ጅቡም አይበላትም። ፀጉር ቤቱ ሳቀ፤ ዝናቡ አባራ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

ሴትዮዋ ግን አልሄደችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የማያውቀው ሰው ታክሲ ውስጥ ለራሱ ለአብዱራህማን ተረከለት፤ ስም አውጥቶላታል፣ የአጎቱ ልጅም ሻይዋን ጠጥቷል። አብዱራህማን «የምርህን ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ሰውየው «ወላሂ» ሲለው እሱም ግማሽ በግማሽ አመነ። ከዚያ አንድ ቀን ወይዘሮ ሲቲ ከሰደቃ ቤት ፊታቸው ጠቁሮ መጡ፤ ሴቶቹ ስለ ጋላፊዋ ሴትዮ አውርተዋቸዋል። «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁት። እኚህ እናት፣ ይህ ልጅ «ዝናብ መጣ» ቢላቸው እንኳ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሳይሞክሩ ልብስ አስገብተው አያውቁም። «አዎ እማዬ፣ ሾፌሩን አውቀዋለሁ» አላቸው። ጉንጫቸውን ያዙ። አመኑት። ጣፈጠው፤ ምን ይደረግ። የደሃቦ ሕመም ተሰምቶ ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀምጠው ያችን ሴትዮ እንደ ሕግ ሲጠቅሱ፣ አፍ ነበረው፣ አልከፈተውም። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ሕጉም እንደዚያ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ከተናገረው እንዴት ባዶ ይሆናል ብሎ ራሱን አስተኛ።

ፋይዛን ወደ ኢሚግሬሽን አጅቦ እንዲሄድ የተመረጠው እሱ ነው። በከር «ፊቷን ካየሁ ያመልጠኛል» ብሎ በማለዳ ወደ ሱቁ ሾልኳል። ወይዘሮ ሲቲ የአብዱራህማንን ኮሌታ እያስተካከሉ «አንተ አያመልጥህም፤ አላህ ለዚህ ነው የፈጠረህ» አሉት። ምርቃት ይሁን ስድብ አልለየለትም። ግቢው በር ላይ ጎረቤታቸው ወርቅዬ ፋይዛን አቅፋ አልለቅ አለች። ሳመቻት፣ መልሳ ሳመቻት፣ ዓይኗ ሞላ። «ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የኔ እናት» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

«ሽንኩርት እጇ ላይ የለም» አለች ፋይዛ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ። አማርኛዋ ገና ነው፤ ዓይኗ ግን ከማንም ቀድሞ ያያል።

«የወርቅዬ ሽንኩርት ልዩ ነው» አለ አብዱራህማን። «ከደብረ ብርሃን ነው የሚመጣላት። ሲከተፍ ሰፈሩ ሁሉ ያለቅሳል። አምና አንድ ጭኖ የመጣ መኪና እዚህ ሜክሲኮ ላይ ተገልብጦ ትራፊክ ፖሊሱ እያለቀሰ ነው ሪፖርት የጻፈው፤ ወረቀቱ ርሶ ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልታየም።»

ሳቀች። የምትስቀው በመላ ሰውነቷ ነው፤ ከፊት ወንበር ያሉት ዞረው አዩዋት። ከመጣች ጀምሮ አማርኛ ያስተማራት እሱ ነው፤ ያስተማራትም እንደ ልማዱ ነው። ትልቅ ሰው ሲገኝ «ሰላም ጀለሴ» እንደሚባል ነግሯት የመስጊዱን ሼክ እንደዚያ ብላ ሰላም ብላቸዋለች፤ ሼኩም «ወአለይኪ ሰላም ጀለሴ» ብለው አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ታጣራለች። ዛሬ ግን ደስታ ስለነበራት ሁሉንም አመነችው። እሱ ደግሞ በሳቀች ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ዛሬ የሚያወራው ለወሬው ብሎ ሳይሆን ተልኮ ነውና።

ኢሚግሬሽን ግቢ ውስጥ ሰልፉ ረዥም ነበር፤ ግን ይሄዳል። ፀሐዩ ላይ ቆመው ፋይዛ ስለ እናቷ አወራች። ካርዱን እንደያዘች ትኬት ልትቆርጥ ነው። ሳትነግራቸው በሩን ልታንኳኳ ነው። እናቷ ወደብ አጠገብ ባለው ገበያ ዓሣ ይሸጣሉ፤ ደንበኛ ሲከራከራቸው ዓሣውን አንስተው ጆሮው ላይ ያደርጉና «እሱ ራሱ ዋጋውን ይንገርህ» ይላሉ። አብዱራህማን ይህንን ሲሰማ ሴትዮዋን ወደዳቸው። እዚህ ሰፈር ቢወለዱ ኖሮ የእሱ አስተማሪ ይሆኑ ነበር።

ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው መነጽር ያደረገች ሴት ደረሰኙን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ «አልቋል፤ አሻራ ብቻ ነው የቀረው» ብላ ፋይዛን ወደ ጎን ክፍል ላከቻት። አብዱራህማን መስኮቱ ጋ ቀረ። መሄድ ነበረበት፤ ምላሱ በላው።

«እህቴ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» አለ። «ካርዱ ሳይወጣ ወደ አገሯ ብትሄድ ኖሮ ፋይሉ ይዘጋ ነበር አይደል?»

«ማን ነው እንደዚያ ያለህ?»

«ሰው ነዋ። ጋላፊ ላይ የቀረች ሴትዮ አለች ይላሉ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ሳቀች። «እሷን የማያውቅ የለም፤ ያያት ነው የጠፋው። ስማ ወንድሜ፣ አመልክቶ እየጠበቀ ቤተሰብ የታመመበት ሰው መጥቶ ይናገራል፤ ወጥቶ የሚመለስበት ፈቃድ ይጻፍለታል። በቀደም አንዷ አባቷ ታሞባት መጥታ፣ በማግስቱ በራለች። ለምን ጠየቅህ፣ የታመመባችሁ ሰው አለ እንዴ?»

«አይ» አለ። «ለማወቅ ያህል ነው።»

ወደ ግቢው ወጣና አጥሩ ሥር ቆመ። መጠየቅ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ ከቤቱ አንድ ሰው እዚህ መስኮት ድረስ መጥቶ መጠየቅ። እንዳይጠይቁ ያደረጋቸው ደግሞ መደበቃቸው ነው፤ የሚደበቅ ነገር እንዴት ተብሎ ለመንግሥት ይነገራል። በዚያ ላይ መልሱን አስቀድሞ ያገኙ መስሏቸዋል፤ ከእሱ።

ለበከር ደወለ። ከወዲያ በኩል የጨርቅ ጣቃ ሲጣል፣ ሰው ሲከራከር ይሰማል። «በከር፣ አሁኑኑ ልንገራት» አለ። «ካርዱ እጇ ሊገባ ነው። ማታ በሚበረው ትሂድ።»

በከር ሰው እየገፋ ወደ ሱቁ ጓዳ ሲገባ ይሰማል።

«እናንተ እንደወጣችሁ ዋኢስ ደወለ» አለ በከር። «እናቷ ሱብሒ ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል አርፋለች።»



«ከአሊ ሳቢህ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፤ ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። እማዬ ዛሬ እንዳይነገራት ብላለች። ጠዋት በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ያረዳታል። አንተ ብቻ እስኪመሽ ድረስ አጫውታት። ሰማኸኝ? እንደ ምንም አድርገህ አጫውታት። ካርዱ ወጣ?»

«ወጣ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ በከር፤ ቀጥሎ የተሰማው የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ ነው። አብዱራህማን ስለ መስኮቷ ሴትዮ ሊነግረው አፉን ከፈተና ዘጋው። ፋይዛ በሩ ላይ ብቅ ብላ ነበር፤ ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም በቀሚሷ እየጠረገች ወደ እሱ መጣች። ፎቶው አስቀያሚ ነው ብላ አሳየችው። እውነትም አስቀያሚ ነው። «ቆንጆ ነው» አላት።

ወደ ቤት እንሂድ አላለችም። አብነት ሲደርሱ ለእናቷ የመቀመጫ ትራስ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ ፈለገች። «ቀኑን ሙሉ ሳጥን ላይ ናት። ወገቧን ያማታል» አለች። «አንተ ስፖንጅ አለህ፣ የስፌት መኪና አለህ። ትሠራለህ። እኔ ጨርቁን እገዛለሁ።» አብዱራህማን እምቢ የሚልበትን ምክንያት ፈለገ። ሌላ ቀን ቢሆን ከኪሱ ያወጣ ነበር፤ ስፖንጅ የጫነች መርከብ ሰምጣ ባሕሩን ጠጥታ ጨርሳዋለች ይላት ነበር። ዛሬ አንድም አልመጣለትም።

የሶፋ ጨርቅ የሚሸጠው ሰላሁን ጣቃውን ሁሉ አወረደላት። ከፋዩን ዳሰሰችና ሙቀት ይይዛል ብላ መለሰች፤ ጅቡቲ እኮ ነው። ሰማያዊ አየች፣ ሌላ ሰማያዊ አየች፣ ሁለቱን ወደ ደጅ አውጥታ በብርሃን አስተያየች። ወደ አብዱራህማን ዞራ «አንተ ታውቃለህ፣ ምረጥልኝ» አለችው። መረጠ። የመረጠው ጥጥነት ያለውን፣ ላብ የሚመጥጠውን፣ ብዙ ቢቀመጡበት የማይሸበሸበውን ነው፤ እጁ ሥራውን እየሠራ ነው፣ እሱ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሜትሩ ስምንት መቶ ነው ተባለ። ፋይዛ ጨርቁን አጥፋ የሰላሁን ጆሮ ላይ አስጠጋችና «እሱ ራሱ ይንገርህ» አለች። ሰላሁን መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ሳቀና ቀነሰላት። «ለማን ነው እንዲህ የምትጨነቂለት?» አላት እየቆረጠ።

«ለእናቴ።»

«ዕድሜ ይስጣቸው» አለ ሰላሁን።

«አሚን» አለች። አብዱራህማንም አሚን ማለት ስለነበረበት አለ።

የሶፋ ቤቱ በሁለት አናጢዎች መሀል የተሰነቀረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ባልደረባው አሌክስ ሶፋ ሊያደርስ ወጥቷል። ወለሉ ላይ የእንጨት ብናኝ፣ የስፖንጅ ፍርፋሪ፣ ገና ጨርቅ ያልለበሰ የሶፋ አጥንት። ፋይዛ አጥንቱ ላይ ተቀመጠች። አብዱራህማን ስፖንጁን ለካ፣ ቆረጠ፣ ጠርዙን አድበለበለ። ከዚህ በፊት ትራስ ለመሥራት ይህን ያህል ጊዜ ወስዶበት አያውቅም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይርገበገባል፤ በከር ነው፤ ከዚያ እናቱ ናቸው፤ ከዚያ እንደገና በከር። ቤት ቢወስዳት ምን እንደሚሆን ያውቃል። በግድ ያበሏታል፣ ይሳቅላታል፣ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ እያዩ ዝም ይሏታል። ዐስር ይሰገዳል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ እሷ ስጦታ ታጣጥፋለች። ጠዋት ትረዳለች፤ በክብር፣ ግራና ቀኝ ተይዛ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ። እንዳይነግራት ደግሞ የእናቱ ትእዛዝ አለበት። መንገድ ላይ የሚያረዳ ሰው የሰው ልጅ አይባልም፤ ጠላት እንኳ አያደርገውም።

«አንተም ና» አለች ፋይዛ። «አብረን እንሂድ። እናቴ የአንተን ውሸት ትወዳለች። በስልክ ስነግራት ትስቃለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ሳል ይይዛታል።»

«የቱን ነገርሻት?»

«ብዙ። ጋላፊ ያለችውንም ሴትዮ።»

የስፌት መኪናውን ማሽከርከር አቆመ። «ምን አለች?»

«መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ 'አንቺም ካርዱ ሳይወጣ እንዳትመጪ፤ እኔ የትም አልሄድም' አለች።» ፋይዛ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ስንት ጊዜ ልምጣ አልኳት። አትምጪ አለች።»

ከጎን ያለው አናጢ መጋዝ ማሽኑን ለቀቀው፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ እስኪያልፍ ሁለቱም ጠበቁ። አብዱራህማን የትራሱን አንድ ጎን ብቻ ክፍት አስቀርቶ ሰፍቶታል፤ ስፖንጁ ገብቶ መዘጋት ብቻ ነው የቀረው። አልዘጋውም፤ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ስታገኛት መጀመሪያ ምን ትላታለህ?» አለች ፋይዛ። አገጯን መዳፏ ላይ አሳርፋ፣ ልትስቅ ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

«ይቅ... ይቅርታ አድርጊልኝ ነው የምላት» አለ።

ቀሪውን ጠበቀች። የእሱ ወሬ ሁልጊዜ እንደዚህ ዝግ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይፈነዳል። አልፈነዳም። ፊቱን አየችው፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብላ ከሶፋው አጥንት ላይ ተነሳች።

«አብዲ።»

«ታማ ነበር» አለ። ይንተባተብ ጀመር። «ሆስፒታል ነበረች። ደበቅንሽ። ስልክሽም በራሱ አልወደቀም፤ እማዬ ናት ሳፋው ውስጥ የጣለችው። ካርዱ ሳይወጣ ብትሄጂ መመለስ አትችይም ብለን ነው። ዛሬ... ዛሬ ሱብሒ ላይ ሞታለች።»

«ይሄ አያስቅም» አለች።

«አዎ፤ አያስቅም።»

«አብዲ፣ ይሄ አያስቅም።»

«ጋላፊ ላይ ማንም ሴት የለችም» አለ አብዱራህማን። «እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ፀጉር ቤት ውስጥ። ዛሬ ጠየቅሁ፤ ብንጠይቅ ኖሮ ይለቁሽ ነበር። ሄደሽ ታይያት ነበር።»

ፋይዛ የምታውቃቸውን የአማርኛ ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች የምትጥል ይመስል ነበር። አልጮኸችም፤ ደረቷን አልመታችም። ሲያወሩ የሰማችው ያ የአገሬው ለቅሶ ከእሷ ዘንድ አልመጣም። «ተቀበረች?» አለች በመጨረሻ።

«ገና ነው። ከዐስር በኋላ።»

«ስልክህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ቁጥሩን በቃሏ መታችው። የደወለችው ለዋኢስ አልነበረም፤ በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር የእናቷን ብቻ ነው። ስልኩ ጠራ፤ ጠራ። ስትሰማው ዓይኗ ላይ ያየውን ነገር አብዱራህማን ለማንም አውርቶት አያውቅም። ያነሳው ዋኢስ ነበር። የእናቱን ስልክ ይዞ ነው ወደ ሶላቱ የሄደው፤ የሚደውል ሰው ይኖራል ብሎ። ወንድምና እህት በቋንቋቸው ተነጋገሩ፤ አጭር ነገር ነው የተነጋገሩት፤ ሶላቱ አልቋል፣ ወደ መቃብሩ እየወጡ ነው። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ የሶፋው አጥንት ላይ አስቀመጠችው፣ ራሷም መሬት፣ ብናኙ ላይ ተቀመጠች። የመኪና በር ተዘጋ። ነፋስ ገባ። ብዙ ሰው አሸዋ ላይ የሚራመድበት ድምፅ መጣ።

በዚህ መሀል የአናጢው መጋዝ እንደገና ተነሳ። አብዱራህማን ዘሎ ወጣ። «አጥፉልኝ» አለ፣ ለግራውም ለቀኙም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ደግሞ ዛሬ ምን ልትቀድብን ነው?» ይሉት ነበር። ፊቱን አይተው አጠፉ፤ አንዱም አልጠየቀም። ከወዲያ ያለው ብረት በያጅም አጠፋ። መስመሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሰፈር ጸጥታ እንግዳ ነገር ስለሆነ የሚያልፍ ሰው ቆም ቆም ይል ጀመር።

ወይዘሮ ሲቲ ከቅያሷ የወጡት ያኔ ነው። ስልክ የሚያነሳላቸው ሰው አጥተው በእግራቸው ፍለጋ መጥተዋል፤ ወርቅዬ ከኋላቸው ናት። የሶፋ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ምራታቸውን መሬት ላይ፣ ልጃቸውን ግድግዳ ተደግፎ አገኟቸው። ገባቸው።

«አንተ» አሉት፣ ድምፃቸውን አፍነው። «ሜዳ ላይ ታረዳታለህ? ሰው በሌለበት? ምን ዓይነት ጨካኝ ነው የወለድኩት?»

ፋይዛ ዞር ሳትል እጇን ከፍ አደረገች። ዝም በሉ ማለቷ ነው። በዚያ ቤት ወይዘሮ ሲቲን እጁን አንስቶ ዝም ያሰኘ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ዝም አሉ። ስልኩን አዩት። ከውስጡ የወንዶች «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲቀርብ፣ እየቀረበ ሲመጣ ሰሙ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ከዚያ ያን ከባድ ሰውነታቸውን በሩን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ከምራታቸው ትንሽ ራቅ ብለው ብናኙ ላይ አሳረፉት። ሊነኳት እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መለሱት።

አፈሩ ሲመለስ ይሰማል። እንደ ዝናብ አይደለም፤ ተራ በተራ ነው፣ በአካፋ፣ መሀል መሀል ላይ የሰው ትንፋሽ አለው። ነፋሱ አንዳንዴ ሁሉንም ይወስደውና ምንም አይሰማም፤ ያኔ ፋይዛ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ስልኩ ታስጠጋለች። አብዱራህማን የስልኩ ባትሪ እየቀላ መሆኑን አይቶ ቻርጀር ፈለገ፤ ከስፌት መኪናው ሥር አገኘው፤ ገመዱ አጭር ነበር። ስልኩን እንዳያንቀሳቅስባት መኪናውን ራሱን፣ ያን ብረት፣ ድምፅ ሳያሰማ አንስቶ ወደ እሷ አስጠጋውና ሰካላት። አላየችውም።

አካፋው ቆመ። ዱዓው ተደረገ። ሰው መበተን ጀመረ፤ የመኪና ሞተር ተነሳ። ዋኢስ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋና በቋንቋቸው አለሽ ወይ አላት።

«አለሁ» አለች ፋይዛ፣ በአማርኛ።

አልገባውም። ደግሞ ጠየቃት፤ ነፋሱ ድምፁን ቆራረጠው።

«አለሁ» አለች። «አለሁ፣ አለሁ።»